«እንቶኔ!» አልን በአንድ ድምፅ

ዘጠነኛ ክፍል እያለን ነው። የአማርኛ መምህራችን የቤት ሥራ ሰጡን፦ ሁለት አርኬ ግጥም፣ ቢያንስ ሦስት ዘይቤ ያለበት፣ ከአሥር የሚታረም። ስለ ምን እንደምንጽፍ አልተነገረንም። ከማርኩ ጋር ስለማይገናኝ ይሆናል።

አብዛኞቻችን ስለ ዓባይ ጻፍን፤ የቀረነው ስለ እናት። የወንበር ጓደኛዬ ግን አባቱ ከሞቱ ገና ሁለት ወር አልሞላም ነበርና ለእሳቸው ጻፈ። ስለ እሳቸው አላልኩም፤ ለእሳቸው። ጃኬትህ አሁንም በር ጀርባ ተሰቅሏል፣ እማማ ማታ በሩን ለመቆለፍ ታመነታለች አላቸው። መምህራችን ወረቀቱን አንስተው ጮክ ብለው አነበቡት። አሁን አንድ ነገር ይሉታል ብዬ ጠበቅኩ። አንብበው ሲጨርሱ ቀና አሉና «ገጣሚው በቦታው የሌለን ሰው እንዳለ አድርጎ እያናገረ ነው። ይህ ምን ዓይነት ዘይቤ ይባላል?» ብለው ጠየቁ።

«እንቶኔ!» አልን በአንድ ድምፅ።

ሰባት ከአሥር አገኘ። ሦስቱ የተቀነሰበት ሁለት ቦታ ላይ ቤት ስላልመታ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ ዓመቱ መጨረሻ የልጁ ስም «እንቶኔ» ሆኖ ቀረ። ስሙን ያወጣነው እኛ ነን እንጂ መምህሩ አይደሉም፤ እኔም ጠርቼዋለሁ።

እናላችሁ፣ ሰሞኑን «ግጥምና የፈጠራ ጽሑፍ ለአእምሮ ጤና ፍቱን ነው፣ በውጭ አገር ደርሰውበታል» የሚሉ ወዳጆቼ ሲበዙብኝ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ እንቶኔ ነው። ነገሩን ከዱባይ እንደገባ ዕቃ ነው የሚያወሩት። የኛን ቤት ማን እንዳፈረሰው ግን አይጠይቁም። እኔ እነግራችኋለሁ፤ ያፈረሰው የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ነው።

አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ግጥም የተማርነውን አስታውሱ እስቲ። ስንኝ፣ ሐረግ፣ ቤት መምቻ፣ ሰውኛ፣ ግነት። ሬሳ መርማሪ እንኳ ሟቹ በሕይወት ሳለ ምን ይሠራ እንደነበር ይጠይቃል። ልብ ወለድም ከዚህ አላመለጠም፤ መቼቱን ጥቀስ፣ ዋና ገጸ ባሕርያቱን ዘርዝር። ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ ሲተርክ አገሩ ለበዛብህና ለሰብለ ያለቀሰው ማንም መቼቱን ሳይጠይቀው ነው።

ከዚያ ፈተናው ይመጣል፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ውጤት በ2015 ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ መሆናቸውን ሰምተን አገር ምድሩ ተናወጠ። ስለ ኩረጃ ተከራከርን፣ ስለ መምህራን አቅም ተከራከርን። ካለፉት ውስጥም ከወደቁት ውስጥም አንድ ዓረፍተ ነገር ከራሱ አውጥቶ እንዲጽፍ የተጠየቀ አለመኖሩ ግን ማንንም አላስከፋም። ክብ ማጥቆር የቻለ ቻለ፤ ያልቻለ ቀረ።

ወደ ቅኔ ቤት ልውሰዳችሁ። (ዐይናችሁን አታጉረጥርጡብኝ፣ ቤተ ክህነት ግቡ አላልኩም።) እዚያ ተማሪ የሌላውን ቅኔ ሲተነትን አይከርምም። ከባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሰው ወደሌለበት ጥግ ወጥቶ የራሱን ይቆጥራል፣ ተመልሶ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ሰምተው ያቃኑለታል። ነገ ደግሞ ሌላ ይዞ ይመጣል፤ የትናንቱ ቅኔ ለዛሬ አይሆንማ። ገና ጀማሪ ሳለ ጀምሮ ፈጣሪ ነው። ዱላው፣ ረሃቡ፣ በየደጁ እየዞሩ መለመኑ እንደነበረ አልክድም። ሴት ልጅም እዚያ በር ላይ ብዙም አትታይም ነበር፤ የጎጃሟን ዐይነ ስውር የቅኔ መምህር እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ስም ደጋግመን የምንጠራው ብዙ እሳቸውን መሰል ስለሌለን ነው። የማስተማሪያ ዘዴውን ግን ዘመናዊው ትምህርት ቤታችን ከነአካቴው ጥሎታል። ዘመናዊ የተባለው ልጁ ዝም ብሎ የሚያዳምጥበት፣ ኋላቀር የተባለው ልጁ በየቀኑ የሚፈጥርበት ሆኖ አረፈው።

ሕክምናውም ቢሆን ቤታችን ነበር። ሙሾ ምን ይመስላችኋል? አልቃሿ ሟቹን በስሙ ትጠራዋለች፣ ትወቅሰዋለች፣ ለማን ትተኸን ሄድክ ትለዋለች። ለቀስተኛው ይቀበላታል፤ የራሱ የቆየ ሐዘን ያለበትም በዚያው ያወጣዋል። ወፍጮ ላይ ስታንጎራጉር ያደረችው ሴት ለባሏ ፊት ለፊት የማትለውን ሁሉ ለመጁ ነግራዋለች። የዛሬው የአዲስ አበባ ለቅሶ ቤት ደግሞ ይኸው፤ ድንኳን፣ ንፍሮ፣ ጥግ ላይ ካርታ የሚጫወቱ ወንዶች። ሙሾ የምታወርድ አሮጊት ብትመጣ «እማማ፣ ይበቃዎታል፣ ልጆቹን አያስጨንቁ» ብለን እናስቀምጣታለን። ልጆቹም ሳያለቅሱ ሰልስት ይወጣል፤ ሰኞ ትምህርት ቤት ይመለሳሉ፣ እዚያ ደግሞ ሦስት ዘይቤ ይጠበቅባቸዋል።

«በውጭ አገር ደርሰውበታል» የሚባለውንም ሳያጋንኑ ማየት ይበጃል። ጄምስ ፔንቤከርና ሳንድራ ቢል በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 46 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለአራት ተከታታይ ቀን በቀን 15 ደቂቃ አስጻፉ። ከፊሎቹ ስለ ተራ ነገር ጻፉ፣ ሌሎቹ በሕይወታቸው ስለደረሰባቸው ከባድ ነገር። ከባዱን የጻፉት በዕለቱ ጭራሽ ከፋቸው። በሚቀጥሉት ወራት ግን የሆነውንም የተሰማቸውንም አጣምረው የጻፉት ወደ ዩኒቨርሲቲው ጤና ጣቢያ መመላለሳቸው ቀነሰ። በ2006 እ.ኤ.አ. ጆአን ፍራታሮሊ 146 ጥናቶችን ሰብስባ ስትመዝን ጥቅሙ እውነት ሆኖ ተገኘ፤ ትንሽ ግን ነው። ስለዚህ «ጻፍና ተፈወስ» እያላችሁ ሥልጠና የምትሸጡ ሰዎች ቀስ በሉ። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። በዚህ ዘዴ ለሚጽፉ ሰዎች የሚሰጠው መመሪያ ስለ ፊደልና ስለ ሰዋስው አትጨነቁ ይላል። ቤት መታ አልመታ ብሎ የሚቆጥር የለም።

ይህን ሁሉ የማወራው ስለ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ቂም ብቻ አይደለም። ጥቅምት 2013 የጀመረው የሰሜኑ ጦርነት ጥቅምት 2015 በፕሪቶሪያ ስምምነት እስኪቆም ድረስ በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ልጆች ላይ የደረሰውን ታውቃላችሁ። የትግራይ ተማሪዎች በኮቪድና በጦርነት ዓመታት ከክፍል ርቀው ከረሙ፤ ከዚያ ወዲህም አማራ ክልል ውስጥ ብዙ ትምህርት ቤት በሌላ ጦርነት ተዘግቷል። እነዚህ ልጆች የተመለሱ ቀን የሚጠብቃቸው ምንድን ነው? የአእምሮ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በጣም ጥቂቶች ናቸው። አስተማሪ ግን ያገኛሉ፤ አማርኛም፣ ትግርኛም፣ አፋርኛም የሚያስተምር። ያ ሰው ወይ «የሆነብህን በፈለግከው ቋንቋ ጻፈው» ይለዋል፣ ወይ «ይህ ምን ዓይነት ዘይቤ ይባላል?» ይለዋል።

«አስተማሪ ሐኪም አይደለም» የሚል ተቃውሞ እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ ትክክልም ነው። ልጅቷ አጎቷ ያደረገባትን ብትጽፍስ? እዚህ ላይ ቀልድ የለም። መምህሩ ለማን እንደሚነግርና ወዴት እንደሚልካት ሳያውቅ «የሚያስጨንቃችሁን ጻፉ» ብሎ ማዘዝ የለበትም። ማንም ያልፈለገውን ጮክ ብሎ እንዲያነብ አይገደድ፤ ወረቀቱም የጸሐፊው ነው፣ ከፈለገ ቦርሳው ውስጥ ይክተተው፣ ከፈለገ ይቅደደው። እርማት ከነጭራሹ ይቅርም አልወጣኝም። የቅኔ መምህሩም ያርማሉ። ለመልመድ የሚጻፍ ግጥም ይታረም፣ ይብጠልጠልም። ለሞተ አባት የተጻፈው ግን ከአሥር አይታረምም። ይህን ለመለየት ዲግሪ አያስፈልግም፤ ወረቀቱን እንደ ሰው ማንበብ ይበቃል።

ለመጀመር የሚያስፈልገው ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ክፍሉ ሲጀመር አሥር ደቂቃ ነው። መምህሩም ቁጭ ብሎ አብሮ ይጻፍ። ብዙዎቹ ከተመረቁ ወዲህ ከትምህርት ዕቅድ በቀር ምንም አልጻፉምና ሳይከብዳቸው አይቀርም።

ይህን ሐሳብ መምህር ለሆነ ጓደኛዬ ባለፈው ቡና እየጠጣን ነገርኩት። ሳቀብኝ።

«አንተ፣ በአንድ ክፍል 70 ልጅ ይዤ፣ ይህን ሁሉ ወረቀት ማን ያርመዋል?»

«ማንም» አልኩት።

ሲኒውን አስቀምጦ ትንሽ አሰበና «እሺ፣ ማርኩንስ ከየት ላምጣው?» አለኝ።