ማሳመሪያ ከማዘዛችን በፊት ሳጥኑን እንክፈት

ከዱባይና ከናይሮቢ ስንመለስ ከሚሰጠን የአደራ ዝርዝር ውስጥ አልፎ አልፎ የልጆች ተገጣጣሚ ሞዴል ይገባል። የሚጠየቀው ብዙውን ጊዜ አውሮፕላን ነው፤ በተለይ የአየር መንገዳችን ቦይንግ 787። ሞዴሉን ማምጣት አያስቸግርም። ችግሩ የሚጀምረው "ማሳመሪያውንም አብረህ አምጣልኝ" የሚል መልእክት ሲከተል ነው። የእኛ አቋም ይህ ነው፦ ለመጀመሪያ ሞዴል ዴካል ብቻ ይበቃል፤ ሌላው ሳጥኑ ተከፍቶ፣ ዕቃው በእጅ ተይዞ ከታየ በኋላ ይታሰብበት። ቁጥርና መጠን ያልተጻፈበትን ትዕዛዝ ደግሞ ነጋዴው ባይቀበል ይሻላል።

ለማያውቁት፣ ማሳመሪያ የምንለው የሞዴሉ ፋብሪካ ሳይሆን ሌላ ድርጅት ለብቻው ሠርቶ የሚሸጠው ጭማሪ ነው። በውሃ ተነክሮ የሚለጠፈው ጽሑፍና ቀለም ዴካል ይባላል። ከስስ ነሐስ በአሲድ ተበልቶ የሚወጣ ጥቃቅን ክፍል አለ። ከሬዚን የሚቀረጽ ሞተርና ጎማ፣ ከብረት የተሠራ የማረፊያ እግርም ይገኛል። ሁሉም በፖስታ ውስጥ የሚገቡ ቀላል ነገሮች ናቸው፤ ዋጋቸው ሲደመር ግን ከሞዴሉ ከራሱ ሊበልጥ ይችላል።

መለዋወጫ የሚሸጡ ወንድሞቻችን የሻንሲ ቁጥር ሳይጠይቁ የፍሬን ሸራ አይሰጡም። እዚህም ሥራው ያው ነው። "787" ብሎ ማዘዝ "አይሱዙ" ብሎ እንደማዘዝ ነው። አየር መንገዳችን 787ን ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው በነሐሴ 2012 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ያ 787-8 ነው። ዛሬ ግን 787-9 ም ያበርራል። የመጀመሪያው ርዝመት 56.7 ሜትር፣ የሁለተኛው 62.8 ሜትር ነው። በ1/144 መጠን ልዩነቱ 4 ሳንቲ ሜትር ከ2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ለአንዱ የታተመው የመስኮት መስመር በሌላው ላይ ቢለጠፍ በሮቹ ቦታቸውን ይስታሉ። ይህ እንግዲህ መጠኑ ልክ ሆኖ ነው፤ ለ1/200 የተሠራ ዴካል 1/144 ላይ ምን እንደሚመስል መገመት አያዳግትም። ሞተርም አለ። 787 በጄኔራል ኤሌክትሪክም በሮልስ ሮይስም ሞተር ይሠራል። የሬዚን ሞተር የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ የሚሠራውን አውሮፕላን የምዝገባ ቁጥር ይምረጥ፤ ቀጥሎ ፎቶውን ይመልከት።

ዴካልን ለምን እናስቀድማለን? ልጁ "የኛ ነው" የሚለው በጭራው ላይ ባለው አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ፣ በአካሉ ላይ ባለው ጽሑፍ ነው እንጂ በሞተሩ ምላጭ ብዛት አይደለም። ሳጥኑ ውስጥ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ የአምራቹ የቦይንግ ወይም የሌላ አገር አየር መንገድ ቀለም ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ የሚወጣ ገንዘብ አያስቆጭም። ሆኖም ስትገዙ የግዕዙን ፊደል አንድ በአንድ አንብቡት። ፊደላችንን የማያውቅ አታሚ አንዷን እግር ቢያሳጥር አይታየውም፤ እኛ ግን ከሩቅ እናያታለን። ጭራው አስቀድሞ ነጭ ይቀባ። የዴካል ቀለም ስስ ስለሆነ ቢጫው ከጨለመ መደብ በላይ ይደፈርሳል።

አያያዙም ለነጋዴ የተለየ ጉዳይ አለው። የጅቡቲና የሞምባሳ እርጥበት የዴካልን ሙጫ ሊቀሰቅስና ከመሸፈኛ ወረቀቱ ጋር ሊያጣብቀው ይችላል። በሁለት ካርቶን መካከል አድርጋችሁ፣ በፕላስቲክ አሽጋችሁ፣ ሳይታጠፍ ያዙት። መኪና ዳሽቦርድ ላይ አይቀመጥ። ብዙ ዓመት መደርደሪያ ላይ የቆየ ዴካል ቢጫ ይሆናል፤ ውሃ ሲነካው የሚሰነጣጠቅም አለ። የማትፈልጓትን አንዲት ቁራጭ ቆርጣችሁ ሞክሩ።

ነሐሱ የሚያስጎመጅ ነገር ነው፤ አንክድም። በ1/144 አንድ ሚሊ ሜትር የሚወፍር ፕላስቲክ በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ 14.4 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው፤ አንቴናው ግድግዳ ይመስላል። ነሐሱ ይህን ያስተካክላል። ግን በፕላስቲክ ማጣበቂያ አይያዝም፤ ሱፐር ግሉ፣ ጥሩ ወረንጦና የማይንቀጠቀጥ እጅ ይፈልጋል። ለአሥር ዓመት ልጅ ማዘዝ ማለት ለአባቱ ማዘዝ ነው። (አባትየው ለራሱ ከፈለገ ግልጽ አድርጎ ይናገር።)

ሬዚን ላይ ግን ቀልድ የለም። ሲሞረድ የሚወጣው ብናኝ ለሳንባ ጥሩ አይደለም። ውሃ እያረጠቡ መሞረድና ጭንብል ማድረግ ያስፈልጋል፤ ምግብ በሚበላበት ጠረጴዛ ላይ አይሠራም። ከነጭ ብረት የተቀለጡ እግሮችም አንዳንዶቹ እርሳስ አለባቸው፤ ለልጅ አይሆኑም። አውሮፕላኑ በጭራው እየተቀመጠ ካስቸገረ መፍትሔው የብረት እግር ሳይሆን አካሉ ከመዘጋቱ በፊት አፍንጫው ውስጥ ሁለት ሦስት ትናንሽ ዳዶ ማጣበቅ ነው።

"ነጋዴ ሆናችሁ አትግዙ ትላላችሁ?" የሚለን አይጠፋም። ብዙ ፖስታ የሸጠ ነጋዴ ዛሬ ያተርፋል። ነገር ግን ግማሹ ተሠርቶ ቁምሳጥን ላይ የተጣለ ሞዴል ሁለተኛ ትዕዛዝ አያመጣም። የማይገጥም ዕቃ ከተገዛበት አገር ድረስ ስለማይመለስ ኪሳራውን ወይ ነጋዴው ይውጠዋል፣ ወይ ዘመድ ከዘመድ ይቀያየምበታል። ለትንሽ ፖስታ ያን ያህል መክፈል አይገባም።

ስለዚህ ስታዙ እንዲህ ጻፉልን፦ የሞዴሉን አምራች ስም፣ ሳጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር፣ መጠኑን፣ 787-8 ወይም 787-9 መሆኑን፣ የምትፈልጉትንም አውሮፕላን የምዝገባ ቁጥር። የሳጥኑን ጎን ፎቶ አንስታችሁ ብትልኩማ ሌላ ጥያቄ አንጠይቅም። ደረሰኙን ከዕቃው ጋር እናመጣለን፤ ጉምሩክ ላይ ፖስታው ሲከፈት ምን እንደሆነ የሚያስረዳልን እሱ ነው።