ራሱን የቻለ ማን ነው?

ስለ ቁጠባና ራስን ስለ መቻል የሚጻፈውን ባነበብሁ ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል። ራሱን የቻለ ተብሎ የሚሣልልን ሰው ምንጊዜም ብቻውን ነው፤ ጓሮውን ይኮተኩታል፣ ጎመኑን ይተክላል፣ ሳንቲሙን ይቆጥራል፤ ጎረቤት ግን የለውም። እንዲህ ያለውን ሰው በእኛ አገር ራሱን የቻለ አንለውም። ቀባሪ ያጣ እንለዋለን።

እስኪ ከምናውቀው እንነሣ። በ1964 ዓ.ም. ዙምራ ኑሩ የተባሉ ቀለም ያልቆጠሩ ገበሬ ከጥቂት ተከታዮቻቸው ጋር በፎገራ ወረዳ አውራ አምባን መሠረቱ። በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ተሳደው ወደ ደቡብ፣ ወደ ቦንጋ አካባቢ ተሰደዱ። ከመንግሥት ለውጥ በኋላ ሲመለሱ መሬታቸው በሌሎች ተይዞ ጠበቃቸው፤ የቀረቻቸውም ጠባብ ቦታ አታበላም ነበርና ፊታቸውን ወደ ሽመናና ወደ ወፍጮ አዞሩ። ጎብኚ ሁሉ ሴት ስታርስ፣ ወንድ እንጀራ ሲጋግር አይቶ ይደነቃል። እኔን የሚደንቀኝ ግን የተዉት ነገር ነው። ሠርግ አይደግሱም፤ ተዝካር አያወጡም። ከሳምንቱ አንዱን ቀን ለአቅመ ደካሞች ይሠራሉ፤ ጧሪ ያጡ አረጋውያንም ማረፊያ ቤት አላቸው። በድንኳን ሥር ሊበላ የነበረው ሀብት እዚያ ገባ ማለት ነው።

እኛስ ምን አደረግን? ጎበኘናቸው፤ ዘጋቢ ፊልም ተሠራላቸው፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲም ለመሥራቹ የክብር ዶክትሬት ሰጠ። ከዚያ ሁላችንም ወደየድግሳችን ተመለስን። አድንቆ መሄድን የመሰለ ርካሽ ነገር የለም። ከባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ በየዓመቱ የማየው አለ፦ ጥር ሲቃረብ ለዓመታት ጠብ ጠብ እያለ የተጠራቀመ ገንዘብ በአንድ ረፋድ ተጠራርጎ ይወጣል። ለምን እንደሆነ አልጠይቅም፤ ሥራዬ መቁጠር ነው። ይኸው ባለገንዘብ ከግድግዳችን ላይ ስለ ቁጠባ የተለጠፈውን ወረቀት እያየ ነው ተራውን የሚጠብቀው።

አውራ አምባን እንዳለ እንቅዳ ግን አልልም። ለቅሶ ያሳጥራሉ፤ ሟቹን ቀብረው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። እኔ የሐራ ሰው ነኝና ይህ አይዋጥልኝም። (ቡናችንንም ማንም እንዲነካብኝ አልፈቅድም፤ በረካው ሳይጠጣ የሚነሣ ቆጣቢ ከእኔ ቤት አይምጣ።) በወሎ ቅሬ አለ። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይቀባበራል። ለሐራ አዲስ የሆነ መምህር ወይም ነጋዴ ኑሮ ጀመረ የሚባለው ቤት የተከራየ ዕለት አይደለም፤ የቅሬውን ዳኛ ፈልጎ ስሙን ያስመዘገበ፣ መዋጮውን የከፈለና የማያውቀውን ሰው መቃብር ሊቆፍር የወጣ ዕለት ነው። ገና ምንም ሳይቀበል ይሰጣል። በወንፈልም ቢሆን ሕጉ ያው ነው፤ ዛሬ ያንተን ማሳ ካላረምሁ ነገ የእኔን የሚያርም የለም።

ቅሬውን ደግሞ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ እዩት። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ትልቁ ድስት፣ ብርጭቆው የጋራ ነው። ለመቶ ቤት አንድ ድስት! የትኛው የቁጠባ አስተማሪ ነው ከዚህ የበለጠ ቁጠባ ያስተማረን? ባለድግሱ ሰው ገንዘቡን ሲያወጣ ይህን ድስት ረስቶት ነው፤ ወይም በተውሶ ድስት መደገስ አሳፍሮት።

ጠቤ ከቅሬ ጋር ሳይሆን ቅሬው ሞት እስኪመጣ ከመተኛቱ ጋር ነው። በሬው የሞተበት ጎረቤት በአራጣ ሲበደር ሣጥኑ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ሰውየው ራሱ ሲሞት ሣጥኑ ይከፈታል። በአዲስ አበባ አንዳንድ እድሮች በኤችአይቪ ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናትን መርዳት በጀመሩ ጊዜ የቀብር ማኅበርነታቸው አልፈረሰም። አውራ አምባዎችም ከሳምንቱ ያወጧት አንዲት ቀን ለሕያው የምትሠራ ቅሬ ነች ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ድስቱ እኛ ዘንድ አለ፤ በሰላሙ ቀን ምን እንደሚቀቀልበት የሚያውቁት ግን ፎገራ ላይ ናቸው።

ስለዚህ ራሴን ችዬ ልኑር የሚል ወዳጄ ጎመኑን ከመትከሉ በፊት ወደ ቅሬው ዳኛ ይሂድ። በሚቀጥለው ስብሰባም ሒሳቡ ሲነበብ እጁን አውጥቶ ዘንድሮ ከሣጥኑ ስንት ብር ለሕያው ሰው እንደወጣ ይጠይቅ። መዝገቡ ለዚህ የሚሆን ዓምድ ከሌለው እኔ መጥቼ አሰምርለታለሁ፤ ማስመሪያው ከእኔ።