ጉድጓዳችንን ለወንዝ ሳይሆን ለፀሐይ እንስጥ



ባለፈው ስብሰባ አንድ ሐሳብ ተነሥቶ ብዙ ሰው አጨብጭቧል። «ለመጣጭ መኪና ገንዘብ ከምናዋጣ ክረምት ሲገባ የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ከፍተን ወደ ቦዩ እንልቀቀው፤ ጎርፉ ይወስደዋል» የሚል ነው። ይህን በዝምታ ማለፍ ነውር ስለሆነ መልስ እንሰጥበታለን።

ጎርፉ ይወስደዋል፤ ግን ወዴት? ወደ ትንሹ አቃቂ ነው። በዚያ ወንዝ ዳር በመካኒሳና በላፍቶ በኩል ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ በወንዙ ውሃ ሲለማ ኖሯል። አትክልቱም የመጣው ወደ እኛው ገበያ ነው። የጣልነውን መልሰን በሰላጣ ስንገዛ ኖረናል ማለት እኮ ነው! ከዚያ የተረፈው ወደ አቃቂና ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳል፤ እዚያም ሰው አለ። «ከራስ በላይ ነፋስ» የሚል ካለ እንጠይቀው፦ ከእኛ በላይ ያለው ሰፈርስ እንዲሁ ብሎ ቢለቅብን?

ሌላው ደግሞ «ቃሊቲ ቢወሰድስ ያው ፀሐይ ላይ ነው የሚሰጣው፤ እኛም ሜዳችን ላይ እናስጣው» ብሏል። ፀሐይ ላይ መሰጣቱ እውነት ነው። ግን አሰጣጥ አለው። መኪናው የሚመጠው ዝቃጭ ከመቶው ዘጠና አምስት እጅ ያህሉ ውሃ ነው። የማስጫው መደብ ከሥሩ ጠጠርና አሸዋ አለው፤ ውሃው በዚያ ተንጠፍጥፎ በቱቦ ወደ ማጣሪያው ይሄዳል። የቀረውን ፀሐይና ነፋስ ያደርቁታል። በርበሬ ያሰጣች እናት ሁሉ ታውቀዋለች፦ ስስ ተደርጎ ካልተሰጣ ላዩ ይደርቃል፣ ውስጡ ይሻግታል።

ደግሞም ደረቀ ማለት ጸዳ ማለት አይደለም። የወስፋት እንቁላል በቀላሉ አይሞትም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ እንደ እኛ ባለ ቀዝቃዛ አገር እንዲህ ያለ ዝቃጭ ለእርሻ ከመዋሉ በፊት ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት እንዲቀመጥ ይላል። ታዲያ ልጆቻችን ኳስ የሚጫወቱበትን ሜዳ ለሁለት ዓመት ልናጥር ነው?

በሌላ በኩል ለውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣንም የምንለው አለን። የቃሊቲ ማጣሪያ በ1970ዎቹ ዓ.ም. በኩሬዎች ተጀምሮ፣ በ2010 ዓ.ም. በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያጣራ ተስፋፍቷል። ይህ መልካም ነው። የእኛ ሰፈር ግን አሁንም በጉድጓድ ነው ያለው። ክፍት መደብም በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ አይደርቅም። ፀሐይዋ ከእኛዋ በምትደክምበት በጀርመን እንኳ ብርሃን በሚያሳልፍ ጣሪያ ሥር፣ በማራገቢያና በማገላበጫ መኪና እየታገዘ ዝቃጭ ይደርቃል። አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ አለን እያልን ለምን እንቀራለን? ጣሪያ የሌለው መደብ ሁሉ ጣሪያ ይሠራለት!

ስለዚህ፦

1ኛ. ጉድጓዱ የሞላ ሁሉ ዝናቡ ሳይጠና፣ እስከ ግንቦት መጨረሻ ያስመጥጥ።

2ኛ. አቅም ያነሰው ጎረቤት ሳያፍር ለማኅበሩ ይንገር፤ ተጋግዘን እናስመጥጥለታለን።

3ኛ. በሌሊት ወደ ቦይ የሚለቅ ሰው ቢገኝ፣ ዘመድም ይሁን ወዳጅ፣ በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ይጠየቃል።

4ኛ. የጣሪያውን ጥያቄ በጽሑፍ ስለምናቀርብ ሁላችሁም መጥታችሁ ፈርሙ።

የማኅበሩ ጸሐፊ