ክሪፕቶ ለድሃው ነው የመጣው ለምትሉኝ

ባለፈው ሳምንት ድሮ ያስተማርኩት ልጅ ሻይ ጋበዘኝና "ቲቸር፣ በደሞዝ ያለፈለት ማን አለ? ክሪፕቶ እኮ ለኛ ለድሆቹ ነው የመጣው" አለኝ። ሳቅኩ። ሊገዛበት ያሰበው ብር እህቱ ከቤሩት የላከችለት መሆኑን ሲነግረኝ ግን ሳቄ ጠፋ። ያን ቀን ያልመለስኩለትን እዚህ ልመልስ።

እስኪ ሒሳቡን እንሥራ፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። ቢትኮይን በ2009 ሲጀመር ጣሪያው 21 ሚሊዮን ነው ተባለ። በየ10 ደቂቃው ገደማ 50 ይወጣ ነበር። መጠኑ በየአራት ዓመቱ በግማሽ እየቀነሰ ከ2024 ጀምሮ 3.125 ብቻ ሆኗል። በ2012 መጨረሻ ግማሹ፣ ማለትም 10.5 ሚሊዮኑ፣ ወጥቶ ነበር። ያኔ አንተ ስንተኛ ክፍል ነበርክ? እኔስ ስሙን ሰምቼው ነበር?

ቀድሞ የደረሰው መሬቱን አጥሮ ጨርሷል፤ እኛን "ኑ ግዙ" የሚለን አሁን ነው። ደግሞ ይሄ መሬት እህል አያበቅልም፣ ኪራይም አያስገባም። አንዱ የሚያተርፈው ሌላው ከሱ በላይ ከፍሎ ሲገዛው ነው። ታዲያ የእህትህ ላብ ወደ ማን ኪስ ነው የሚሄደው?

"ማይኒንግ አለ" ትሉኛላችሁ። እሱም ብዙ ማሽንና ርካሽ መብራት ላለው ነው። ቻይና በ2021 ስትከለክል ማሽኖቹ አገር ለአገር ተሰደዱ፤ እኛም ጋ ደርሰው ከውሃ የምናመነጨውን መብራት ይገዛሉ። ዶላር ያስገባል፣ አልክድም። የሚወጣው ቢትኮይን ግን የባለማሽኑ ነው፤ በኩራዝ ለሚያጠናው ተማሪዬ አይደርሰውም።

ልክ የሆናችሁበት ነገርም አለ። ብር ሲረክስ ደሞዜ ላይ አይቼዋለሁ። እህቶቻችን ገንዘብ ለመላክ የሚቆረጥባቸውም ያንገበግባል። ግን በሽታው እውነት ስለሆነ መድኃኒት ነኝ ያለ ሁሉ እውነተኛ አይሆንም። ብሔራዊ ባንክም በ2022 በክሪፕቶ መገበያየት ሕጋዊ እንዳልሆነ አስታውቋል። ነገ ብትበላ ለማን አቤት ትላለህ?

ባለሀብት ከትርፉ ነው የሚሞክረው። ግማሹን ቢያጣ እራቱን አይዘልም። አንተ ብታጣ ግን የጠፋው የእህትህ ሁለት ዓመት ነው። በአንድ ገበያ እኩል ገባን ማለት እኩል ከሰርን ማለት አይደለም።

ልጄ፣ ይሄን ካነበብክ ብሩን ከመላክህ በፊት ደውልልኝ። ሻዩን በዚህኛው ዙር እኔ ነኝ የምከፍለው።