የአባት ጋዜጣ፣ የባል ወንበር

ውርስ ሲነሳ የብዙዎቻችን ሐሳብ ቶሎ የሚሄደው ወደ ቤትና ወደ መሬት ነው። ዛሬ ግን ጋዜጣ ስለ ወረሰ አንድ ቤተሰብ ላጫውታችሁ ወድጃለሁ። ቤተሰቡ አሜሪካዊ ነው፤ ጋዜጣውም «ዋሺንግተን ፖስት» ነው። ሀብታቸው ከእኛ ኑሮ ጋር የሚተዋወቅ አይደለም። በቤታቸው ውስጥ የሆነው ነገር ግን በእኔም በእናንተም ቤት ሊሆን የሚችል ስለሆነ፣ ታሪኩን ካነበብኩ በኋላ ከልቤ አልወጣ ብሎኝ ቆየ። (የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው በሌላ ቤተሰብ ውድቀት ነው። ጋዜጣው ቀድሞ የማክሊን ቤተሰብ ንብረት ነበር። አባትየው ጆን ማክሊን በ1916 ሲሞቱ ወደ ልጃቸው ወደ ኔድ ተላለፈ። ኔድ መጠጥና ድግስ የሚወድ፣ ገንዘብ በእጁ የማይቆይ ሰው ነበር። ሚስቱ ኢቫሊን ደግሞ «ሆፕ» የተባለውን ዝነኛ ሰማያዊ አልማዝ በአንገትዋ የምታንጠለጥል እመቤት ነበረች። እንዲህ ባለ አያያዝ ጋዜጣው ከሰረና ጁን 1 ቀን 1933 በራሱ ሕንፃ ደጃፍ ደረጃ ላይ በሐራጅ ተሸጠ። ያሸነፈው ሰው ስሙን ሳይገልጽ በጠበቃ በኩል ነበር የተጫረተው። የከፈለው 825 ሺህ ዶላር ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ገዢው አቶ ዩጂን ማየር መሆናቸው ታወቀ።

አቶ ማየር በዎል ስትሪት ገበያ ባለጠጋ የሆኑ፣ የአገሪቱን ማዕከላዊ ባንክ እስከዚያው ዓመት ድረስ የመሩ ሰው ነበሩ። የጋዜጣ ሥራ ግን አያውቁም ነበር። ለብዙ ዓመታት ከራሳቸው ኪስ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር እያፈሰሱ ኪሳራውን ተሸከሙ። የሚገርመኝ ነገር፣ ያን ጊዜ ወደ 16 ዓመት የተጠጋች ካትሪን የምትባል ሴት ልጃቸው ቤተሰቡ ጋዜጣ መግዛቱን አታውቅም ነበር። በትምህርት ቤት ስለ ነበረች ሊነግሯት ረስተው ነው! በኋላ ወላጆችዋ ሲያወሩ ሰምታ ጠይቃ ነው የተረዳችው። የኋላ ኋላ ያንን ጋዜጣ የምታድነው እርሷ ነች።

ካትሪን ትምህርትዋን ጨርሳ በሳን ፍራንሲስኮ በዘጋቢነት ሠራች፤ ከዚያም ወደ አባትዋ ጋዜጣ መጥታ የአንባቢያንን ደብዳቤዎች ታዘጋጅ ነበር። በ1940 ፊሊፕ ግራሃም ከሚባል ወጣት የሕግ ባለሙያ ጋር ተጋባች። ፊሊፕ በፍሎሪዳ በእርሻ ላይ ያደገ፣ በሃርቫርድ የተማረ፣ ሲናገር ሰው ሁሉ ዞሮ የሚያዳምጠው ዓይነት ሰው ነበር። አማቹም እጅግ ወደዱት። በ1946 አቶ ማየር የዓለም ባንክ የመጀመሪያ ፕሬዝዳንት ሆነው ሲሾሙ የአሳታሚነቱን ወንበር ለ30 ዓመቱ አማቻቸው ሰጡት። በ1948 ደግሞ የመወሰን ድምፅ ያለውን አክሲዮን ሲያከፋፍሉ፣ ለአማቻቸው 3,500፣ ለገዛ ልጃቸው 1,500 ሰጡ። ምክንያታቸው ግልጽ ነበር። ወንድ ልጅ ለሚስቱ ተቀጥሮ መሥራት የለበትም አሉ።

ካትሪንም አልተከፋችም። ትክክል ነው ብላ ተቀበለች። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት እየሰማን ላደግን ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም። እኔን ግን አንድ ጥያቄ ይቆረቁረኛል፤ ያ ክፍፍል የተደረገው በፍቅርና በደግነት ነበር። በደግነት የተደረገ ነገር ከ15 ዓመት በኋላ በሚስቲቱ ላይ ምን ሆኖ እንደ ተመለሰ ወደ ኋላ ታዩታላችሁ።

ለፊሊፕ ፍርድ እንዳናጓድልበት፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበር። በ1954 ተፎካካሪውን ጋዜጣ «ታይምስ ሄራልድ»ን ገዝቶ ከራሱ ጋር ሲያዋህድ፣ በዋና ከተማይቱ ጠዋት ጠዋት የሚወጣ ጋዜጣ የእርሱ ብቻ ሆነ። ኪሳራው ያከተመው በዚህ ነው። የቴሌቪዥን ጣቢያዎችን ጨመረ፤ በ1961 «ኒውስዊክ» የተባለውን ሳምንታዊ መጽሔት ገዛ። ከኬኔዲና ከጆንሰን ጋር ወዳጅ ነበር። ካትሪን በዚህ ሁሉ ጊዜ አራት ልጆች እያሳደገች ቤት ትመራለች፤ እንግዳ ትቀበላለች።

በቤት ውስጥ ግን ሌላ ነገር ነበር። ፊሊፕ ቀልደኛ ነው፤ የቀልዱ መነሻ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሚስቱ ነበረች። ክብደት ስትጨምር «ፖርኪ» ይላት ጀመር፤ በእኛ አማርኛ «አሳማዬ» እንደ ማለት ነው። በሰው ፊት ይጠራታል፤ ሰው ይስቃል፤ እርሷም አብራ ትስቃለች። እንግዳ ባለበት ስትናገር ዓይኑን ሲያሳርፍባት ንግግርዋ የረዘመ ይመስላትና ዝም ትላለች። ቀስ በቀስ ባሏ ባለበት መናገር ተወች። ያን ጊዜ እንደ ተጎዳች እንኳ አላወቀችም፤ ያስተዋለችው ከብዙ ዓመታት በኋላ ሕይወትዋን ስትጽፍ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል። እኛ የአገልጋይ ሚስቶች ይህን ነገር እናውቀዋለን። ባል መድረክ ላይ ቆሞ የሚስቱን ወጥ፣ የሚስቱን ንትርክ፣ የሚስቱን ውፍረት መሳቂያ ያደርጋል። ጉባኤው ይስቃል፤ እርሷም ከፊት ወንበር ተቀምጣ ትስቃለች። ወንድሞች፣ ሳቋን ብቻ አትቁጠሩ። ወደ ቤት ስትመለሱ መኪና ውስጥ ምን ያህል እንደምታወራ ልብ በሉ።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። በ1957 ፊሊፕ በድንገት ታመመ። ከአልጋ መነሳት አቃተው፤ አለቀሰ፤ ተስፋ ቆረጠ። በኋላ እንደ ተረዱት፣ አንድ ጊዜ ሰውን ከሚገባው በላይ የሚያስፈነድቅና የሚያስቸኩል፣ ሌላ ጊዜ ወደ ጥልቅ ጭንቀት የሚጥል የአእምሮ ሕመም ነበር። ካትሪን ለዓመታት ለማንም አልተናገረችም። ሐኪሙም ሕመሙን በስሙ አልጠራላቸውም፤ በመድኃኒትም አያምንም ነበር። ለዚህ ሕመም የሚሰጠው ሊቲየም በአሜሪካ የተፈቀደው በ1970 ነው። ስለዚህ ሸክሙ ሁሉ የሚስት ነበር። ባልዋ ሲከፋው ሌሊት ሙሉ ተቀምጣ ታጽናናዋለች፤ በማግስቱ ለሰው «ደክሞት ነው» ትላለች። በእኛም መካከል «ደክሞት ነው» የሚባልላቸው ስንት አሉ? የስኳር ሕመም ሲሆን ለጸሎት እናስነግራለን፤ የአእምሮ ሕመም ሲሆን በር እንዘጋለን።

በ1962 በገና ዋዜማ ካትሪን ስልክ አነሳች። ባልዋ በሌላኛው መስመር ከአንዲት ወጣት ሴት ጋር ሲያወራ ሰማች። ሴትዮዋ በኒውስዊክ የምትሠራ ነበረች። ወዲያው ጠየቀችው፤ አልካደም። በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ሕመሙ ባሰበት፤ በሕዝብ ፊት የማይባል ተናገረ፤ ሆስፒታል ገባ፤ ወጣ፤ ከዚያም ከሴትዮዋ ጋር ለመኖር ቤቱን ትቶ ሄደ። ሚስቱን ሊፈታ፣ ጋዜጣውንም ይዞ ሊቀር እንደሚፈልግ አስታወቀ።

አሁን ያ 3,500 ለ1,500 ትዝ ይበላችሁ! አባትዋ የገዙት፣ በአባትዋ ገንዘብ የቆመ ጋዜጣ ነበር። በሕግ ግን የሚወስነው ባልዋ ነው። ካትሪን ግን በዚህ አንድ ነገር አልተሸነፈችም። ድምፁ ወደ እጅዋ እስካልገባ ድረስ ፍቺ እንደማትቀበል ቁርጡን ነገረች። ያቺ ሲናገሩባት ዝም የምትል ሴት ማለት ነው።

በዚያው ዓመት በጋ ፊሊፕ ከሴትዮዋ ተለይቶ ወደ ቤተሰቡ ተመለሰ፤ እንደገና ሆስፒታል ገባ። የተሻለው መሰለ። ኦገስት 3 ቀን 1963፣ ቅዳሜ፣ በፈቃድ ወጥቶ በቨርጂንያ ወዳለው የእርሻ ቤታቸው ከካትሪን ጋር ሄደ። ምሳ አብረው በሉ። እርሷ ለጥቂት ጊዜ ጋደም ባለችበት ሰዓት እርሱ እዚያው ቤት ውስጥ ሕይወቱን አጠፋ። 48 ዓመቱ ነበር።

ብዙዎች ጋዜጣውን ትሸጣለች ብለው ጠበቁ። እርሷ ግን ወደ ዳይሬክተሮቹ ቦርድ ገብታ፣ ኩባንያው እንደማይሸጥና ለልጆችዋ እንደምታቆየው በአጭሩ ተናገረች። በሴፕቴምበር ፕሬዝዳንት ሆነች። 46 ዓመትዋ ነው፤ ድርጅት መርታ አታውቅም፤ በየስብሰባው ሴት እርሷ ብቻ ነች። በዚያው ዓመት ለሠራተኞች በሚደረገው የገና ዝግጅት ላይ «መልካም ገና» ለማለት ብቻ ቤትዋ ውስጥ ስትለማመድ ልጆችዋ አገኟት። ፍርሃትዋ ይህን ያህል ነበር። (እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ የሴቶች ጉባኤ ስመራ በወጥ ቤት ውስጥ ለድስቶቼ ሰብኬ ነበርና አልሳቅሁባትም።)

በዚያ ዘመን በዋሺንግተን ትልልቅ ቤቶች ከእራት በኋላ ወንዶቹ ስለ አገር ጉዳይ ለመነጋገር ሲቀሩ ሴቶቹ ወደ ሌላ ክፍል ይሄዱ ነበር። ካትሪን ቀኑን ሙሉ ስለዚያው ጉዳይ ስትሠራ ውላ፣ ማታ ከሚስቶቹ ጋር ተነሥታ ትወጣለች። ይህን ለዓመታት አደረገች። አንድ ምሽት ጆሴፍ አልሶፕ በተባለ ዕውቅ ጋዜጠኛ ቤት «እንግዲያው እኔ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ» ብላ ተነሣች። አስተናጋጁ ደነገጠ፤ ልማዱም ከዚያ ቤት ቀረ።

ዓለም የሚያውቃት ግን በ1971 ባደረገችው ነው። መንግሥት ስለ ቬትናም ጦርነት ያዘጋጀውና ለሕዝብ ያልተነገረ ብዙ ነገር ያለበት ምስጢራዊ ጥናት በ«ኒውዮርክ ታይምስ» መውጣት ሲጀምር ፍርድ ቤት አገደው። በዚያ መካከል ሰነዶቹ የካትሪን ጋዜጠኞች እጅ ገቡ። ጊዜው እጅግ ክፉ ነበር። ኩባንያዋ አክሲዮኑን ለሕዝብ መሸጥ ከጀመረ ገና ሁለት ቀን ነው፤ መንግሥት ከከሰሳት ሽያጩ ሊፈርስ፣ የቴሌቪዥን ጣቢያዎቹም ፈቃድ ሊወሰድ ይችላል። ጁን 17 ማታ ቤትዋ ድግስ ላይ እያለች በስልክ ተጠየቀች። ጠበቆቹ አይሆንም ይላሉ፤ ዋና አዘጋጁ ቤን ብራድሊና ባልደረቦቹ ይውጣ ይላሉ። ወስና «ይውጣ» አለች። በማግስቱ ወጣ። ጁን 30 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ3 በሆነ ድምፅ ለጋዜጦቹ ፈረደ። በሚቀጥለው ዓመት ዋተርጌት መጣ፤ ቦብ ዉድዋርድና ካርል በርንስቲን የተባሉት ወጣት ዘጋቢዎች የጻፉትን ከማስፈራሪያ ጋር ይዛ ቆመች። ፕሬዝዳንት ኒክሰን በኦገስት 1974 ሥልጣን ለቀቀ። ይህን ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት አላስረዝመውም።

እንከን የላትም አልልም። በ1975 የማተሚያ ሠራተኞች አድማ መቱ፤ ሲወጡም ማሽኖቹን ሰባበሩ። እርሷም በምትካቸው ሌሎችን ቀጠረችና ማኅበራቸው ከድርጅቱ ወጣ። የሥራ ማኅበራት ይህን ለረጅም ጊዜ አልረሱላትም። ለልጆችዋም ጊዜ እንዳነሳት ራስዋ አልደበቀችም። በሌላ በኩል፣ ማወቅ የማታውቀውን ለመጠየቅ አታፍርም ነበር። በ1973 ባለሀብቱ ዋረን ባፌት ከኩባንያው ትልቅ ድርሻ ሲገዛ ሊነጥቃት የመጣ መስሎ የፈራች ሰዎች ነበሩ፤ እርሷ ግን የሒሳብ መግለጫ ማንበብ አስተማሪዋ አደረገችው። ስትረከብ ዓመታዊ ገቢው 84 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የነበረው ኩባንያ በ1991 አመራሩን ስታስረክብ 1.4 ቢሊዮን ደርሶ ነበር። የሕይወት ታሪክዋን በ1997 አሳተመች፤ በሚቀጥለው ዓመት የፑሊትዘርን ሽልማት አገኘ። የባልዋን ሕመምም፣ ክህደቱንም፣ ጎበዝነቱንም ሳታዳላ ጽፋዋለች። ምሬት ፈልጌ ያገኘሁት ጥቂት ነው።

ውርሱ እንዴት ሆነ? ልጅዋ ዶናልድ በቬትናም ዘምቶ፣ ከዚያም በዋሺንግተን ተራ ፖሊስ ሆኖ ሠርቶ ነው ወደ ጋዜጣው የገባው። «የባለቤት ልጅ» ተብሎ በቀጥታ ወንበር ላይ አልተቀመጠም፤ ይህን ወድጄለታለሁ። በ1979 አሳታሚ ሆነ። በ2008 ደግሞ የልጅ ልጅዋ ካትሪን ዌይማውዝ ተረከበች። ግን ኢንተርኔት መጥቶ ማስታወቂያውን ወስዶታል፤ የጋዜጣው ገቢ ሰባት ዓመት በተከታታይ ወረደ። ዶናልድ በኦገስት 2013 ጋዜጣውን ለአማዞን መሥራች ለጄፍ ቤዞስ በ250 ሚሊዮን ዶላር መሸጡን አስታወቀ። አያቱ በደረጃው ላይ ከገዙት 80 ዓመት ሆኖት ነበር። ኩባንያው ጋዜጣው የሌለበት ሆነና ስሙን «ግራሃም ሆልዲንግስ» ብሎ ለወጠ። እናቱ ለልጆቼ አቆያለሁ ብላ የታገለችለትን መሸጥ ቀላል እንዳልነበረ መገመት አያዳግትም። ግን ይዞት ቢቆይ እየከሳ እንደሚሄድ አይቶ ነው የሸጠው።

ካትሪን ይህን አላየችም። በጁላይ 2001 በአይዳሆ ወድቃ ከተጎዳች በኋላ በ84 ዓመትዋ አርፋለች። ፊሊፕ የተቀበረው በጆርጅታውን፣ ከመኖሪያ ቤታቸው ማዶ ባለው ኦክ ሂል መቃብር ነው። መንገዱን ተሻግሮ ነው። ብዙ ሰው ቢሆን ቤቱን ሸጦ ይሄድ ነበር። እርሷ በዚያው ቤት 38 ዓመት ኖረች፤ እርሷንም ከጎኑ ቀበሯት።