ፋሻና ቅባቱ ከመድን ካርዱ አይውጣ

በደብረ ኤልያስና በምሥራቅ ጎጃም የጤናውን ሥራ ለምትመሩ፣ የጤና መድኑን ገንዘብ ለምታስተዳድሩ፣ በየጤና ጣቢያው ለምታክሙ፤

ልለምናችሁ የተነሣሁት ስለ ጥቃቅኑ ሕክምና ነው። ቁስል ስለማጠብ፣ ስለ ፋሻ፣ ስለ ቅባት፣ ሕፃን ሲያተኩሰው ስለሚሰጥ ሽሮፕ፣ ለሳምንት ስለሚወሰድ አሞክሳሲሊን።

ገበሬው አዝመራውን ሰብስቦ፣ ጤፉን ገበያ አውጥቶ፣ ለቤተሰቡ የመድን መዋጮ ይከፍላል። ልጁ ሲታመምበት ካርዱን ይዞ ይመጣል፤ ይመዘገባል፣ ይመረመራል፣ ማዘዣም ይጻፍለታል። መድኃኒት ክፍሉ መስኮት ሲደርስ ግን «እዚህ የለም፣ ከውጭ ግዛ» ይባላል። ካርዱ ምርመራውን ሸፈነለት፤ መዳኛውን ግን ከኪሱ ሊገዛ ነው። ኪሱ ባዶ ከሆነ ማዘዣውን አጥፎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህ በአንድ ወረዳ ብቻ የሚታይ አይደለም፤ በአገሪቱ ብዙ ቦታ የመድን አባላት ዋና ቅሬታ ይኸው ነው።

መድኑ ሲጀመር የታሰበው ሌላ ነበር። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ጤና ተቋማት ገቢያቸውን ለራሳቸው አገልግሎት ማሻሻያ እንዲያውሉ መንገድ ከፈተ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ13 ወረዳዎች ተሞከረ፤ ከጎጃም ደቡብ አቸፈር አንዱ ነበር። ሰው በታመመ ቁጥር በሬ እንዳይሸጥ፣ ከአራጣ አበዳሪ ደጅ እንዳይቆም ነበር ዓላማው። በሬ የሚያሸጥ በሽታ በዕድሜ ልክ አንዴ ወይም ሁለቴ ቢመጣ ነው፤ ትኩሳትና ቁስል ግን በየወሩ ይመጣሉ። አባሉ መድኑን የሚያምነውም የሚጠረጥረውም በእነዚህ ነው።

ለደብረ ኤልያስ ሰው «ከውጭ ግዛ» መባል ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እግሩ ይመሰክራል። በ2004 ዓ.ም. የታተመ ጥናት በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች 3.3 በመቶው ፖዶኮኒዮሲስ፣ በተለምዶ ዝሆኔ የምንለው የእግር እብጠት እንዳለባቸው አሳይቷል። ከ30 ሰው አንዱ ማለት ነው። ዝናብ በሚበዛበት ደጋ በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የኖረን ሰው የሚይዝ በሽታ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። ሆኖም ጋብቻን ያፈርሳል፣ ሰውን ከቡና ጠጪ ጎረቤቶቹ ይለያል። በየጊዜው ሲነሣበት በሽተኛው ይንቀጠቀጣል፣ ያተኩሰዋል፣ እግሩ ይግላል፤ የእርሻ ወቅት ላይ ቀናት ተኝቶ ያሳልፋል።

ለዚህ ሁሉ ሥቃይ የሚሰጠው እንክብካቤ በሚያስገርም ሁኔታ ቀላል ነው። እግሩን በሳሙና፣ ጥቂት በረኪና ጠብ በተደረገበት ውኃ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ወደ 700 የሚጠጉ ሕሙማን የተሳተፉበትና ውጤቱ በ2010 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፣ ይህን እንክብካቤ ያገኙት ሰዎች ሕመሙ የሚነሣባቸው ጊዜ እንደቀነሰ አረጋግጧል። ማስረጃው የተገኘው ከገዛ ሕዝባችሁ እግር ላይ ነው። እንግዲህ ፋሻና ቅባቱ «ከውጭ ግዛ» በተባለ ቁጥር መጀመሪያ የሚቋረጠው ይኸው እንክብካቤ ነው፤ ሰውየው ያለችውን ብር ለዘይትና ለጨው ያውላታልና። ትንሽ መሰንጠቅ ቁስል ይሆናል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ መድኑም በመጨረሻ ለአልጋና ለሪፈር ይከፍላል።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የተረሱ አሉ፤ የቅኔ ተማሪዎች። ደብረ ኤልያስ ሐዲስ ዓለማየሁን ጨምሮ ስንቶችን ያስተማረች የቅኔ አገር ናት። ዛሬም ከየአገሩ የመጣ ልጅ ደበሎውን ለብሶ በጎጆ ተጨናንቆ ያድራል፤ እከክና የቆዳ ቁስል በእንዲህ ያለ ቦታ አይጠፋም። መድኑ ግን አባል የሚያደርገው በቤተሰብ ነው። የዚህ ልጅ ቤተሰብ ካርድ ቢኖር እንኳ በሩቅ ወረዳ ነው ያለው፤ እርሱ እዚህ በማንም ቤት አልተመዘገበም። ቁራሽ ለምኖ የሚያድር ልጅ ቅባት በምን ይገዛል? በ2008 ዓ.ም. ድርቅ በመታቸው የአማራ ክልል ወረዳዎች እከክ ሲስፋፋ በዘመቻ ታክሟል፤ ልብ ከተባለ ማከም ይቻላል። የኔታዎችን ጠይቃችሁ ተማሪዎቹን መዝግቡ፤ መክፈል ለማይችሉ በሚሰጠው ድጋፍ ውስጥ አስገቧቸው።

ችግራችሁን አላቃልልም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተነሣው ጦርነት መንገድ ሲዘጋ፣ መድኃኒት የጫነ መኪና ሲቆም ቆይቷል። በዚህ መካከል ሥራ ገበታው ላይ የተገኘ ባለሙያ ሊመሰገን ይገባል። ነገር ግን በረኪና፣ ሳሙና፣ ቫዝሊንና ፋሻ እዚያው ከተማ ሱቅና መድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ አሉ። ግለሰብ ነጋዴ ያስገባውን የሕዝብ ተቋም በያዘው ገቢ ቀድሞ ገዝቶ ቢያስቀምጥ ምን ይከለክለዋል? አልቆ ከተገኘም አባሉ ከውጭ የገዛበትን ደረሰኝ ሲያመጣ ገንዘቡ ይመለስለት፤ ወይም መድኑ ከአንድ መድኃኒት ቤት ጋር ውል ይግባ።

ለእናንተ ለባለሙያዎቹ አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ከእናንተ መካከል ውጭ የግል ክሊኒክ ወይም መድኃኒት ቤት ያለው ካለ፣ «የለም» የምትል ቃሉ በበሽተኛው ልብ ጥርጣሬ ትተክላለች፤ እውነት ብትሆንም እንኳ። ያንን ጥርጣሬ ማንሣት የምትችሉት እናንተ ብቻ ናችሁ። ያለውንና የሌለውን መድኃኒት በየሳምንቱ ጽፋችሁ ግድግዳው ላይ ለጥፉ።

የመድኑ እድሳት ሲደርስ በየቀበሌው እየዞራችሁ ሕዝቡን ታስከፍላላችሁ። ከዚያ በፊት ደረሰኝ ተቀብሎ ገንዘቡን የሚመልሰው ሠራተኛ ማን እንደሆነ፣ የእግር እጥበቱ በየትኛው ጤና ጣቢያ በየትኛው ቀን እንደሚሰጥ፣ የቅኔ ተማሪዎቹስ በማን በኩል እንደሚመዘገቡ ወስናችሁ በገበያ ቀን አስነግሩ።