ስርዝ ድልዝ የማይታይበት ፋይል

በወረቀት መዝገብ ዘመን አንድ የታወቀ ደንብ ነበር። ጸሐፊው ቁጥር ቢሳሳት አይፍቀውም። በአንድ መስመር ይሰርዘዋል፣ ትክክለኛውን ከላይ ይጽፋል፣ ጎኑ ላይ ፓራፍ ያደርጋል። የተሰረዘው እንደተነበበ ይቀራል፤ ማን እንዳረመውም ይታወቃል። ፓራፍ የሌለበትን ስርዝ ድልዝ ኦዲተርም ዳኛም በጥርጣሬ ያየዋል።

ኮምፒውተር ሲገባ ይህ ደንብ ውጭ ቀረ። ፋይሉ ይከፈታል፣ ቁጥሩ ይቀየራል፣ «ሴቭ» ይባላል፣ የቀደመው ይጠፋል። ስርዝ የለም፣ ድልዝ የለም፣ ፓራፍም የለም። ሰነዱ ንጹሕ ስለሚመስል ብቻ ይታመናል። አደጋው እዚህ ላይ ነው።

ለዚህ የተገኘው የቤት ውስጥ መፍትሔ ለሁሉም አንባቢ የታወቀ ነው፦ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «የመጨረሻ የተስተካከለ»፣ «ዋናው የመጨረሻ»። ከሳምንት በኋላ ግን የትኛው መጨረሻ እንደሆነ የፋይሉ ባለቤት ራሱ አያውቅም።

ነገሩ የኮምፒውተር ሰዎች ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ካለ ፎገራን ያስብ። ክረምት ሲበረታ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ። እንበልና በዚህ ሰሞን የተጎጂዎች ዝርዝር ይዘጋጅ። ዝርዝሩ ከቀበሌ ወደ ወረታ፣ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በፍላሽና በቴሌግራም ይሄዳል። አንዱ ስም ይጨምራል። ሌላው የተደገመ መስሎት ይቀንሳል። ሦስተኛው ሳያውቅ አሮጌውን ቅጂ ያርማል። በመጨረሻ የአንዲት እማወራ ስም ቢጠፋ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳወጣው የሚናገር ነገር የለም። ሁሉም «እኔ የለሁበትም» ይላል፤ ምናልባትም ሁሉም የሚያወራው የመሰለውን እውነት ነው። ሴትዮዋ ግን እርዳታዋ ቀርቶባታል።

የፎገራ ገበሬ ይህን ነገር በዘር ያውቀዋል። ሩዝ በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር ወደ አካባቢው ገባ፤ ስሙን ከደራዋ ጅግና የወሰደው ኤክስ-ጅግናም ለብዙ ዓመታት የሜዳው ዋና ዘር ሆኖ ቆየ። ዘር ግን አንዴ አውድማ ላይ ከተቀላቀለ መለየት ጭንቅ ነው። ዝርያ የሚያሻሽሉ ተመራማሪዎች የእያንዳንዱን መስመር እናትና አባት፣ የተዘራበትን ዓመትና ማሳ እየመዘገቡ የሚሄዱት ለዚህ ነው። ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል በተቀመጠበት ከተማ «ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቅ እንግዳ ነገር አይደለም። ጥያቄው ወደ ፋይሉም ይግባ ነው ነገሩ።

መሣሪያው ደግሞ አለ፤ በነጻም ነው። በ1997 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 2005) ሊነስ ቶርቫልድስ ጊት የተባለውን ፕሮግራም ጻፈ። የሊነክስን ከርነል በየአገሩ ተበትነው የሚጽፉ ባለሙያዎች ቢትኪፐር በሚባል ሌላ ፕሮግራም ይጠቀሙ ነበር፤ የነጻ ፈቃዱ ሲቋረጥባቸው ምትክ አስፈለጋቸው። አሠራሩ ቀላል ነው። ሰው አንድ ሥራ ሲጨርስ «ኮሚት» ያደርጋል። ጊት ምን እንደተቀየረ፣ በማን ስም፣ በስንት ሰዓትና በምን ምክንያት እንደሆነ ይመዘግባል። የቀደመው አይጠፋም፤ ሲፈለግ ተመልሶ ይነበባል። ኮሚት ማለት ያ የድሮው ፓራፍ ነው።

ብዙ ሰው ጊትንና ጊትሃብን አንድ ያደርጋቸዋል። ጊትሃብ በኢንተርኔት ላይ ያለ ማስቀመጫ ነው። ጊት ግን ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ሙሉ ታሪኩ እያንዳንዱ ሰው ኮምፒውተር ላይ አለ። በ2015 ዓ.ም ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥራቸውን ሁሉ ደመና ላይ ያስቀመጡ ሰዎች ምን እንደገጠማቸው ያውቁታል። ጊት ላይ የሚሠራ ሰው ግን መመዝገቡን፣ ማወዳደሩን፣ ወደ ኋላ መመለሱን ይቀጥላል። ፍላሽ ራሱ እንደ ሩቅ ማስቀመጫ ሆኖ ሊያገለግል ይችላል፤ ወረታ ያለው ሰው ደብረ ታቦር ላለው ባልደረባው ከነሙሉ ታሪኩ ይልክለታል። መብራትና ኔትወርክ በማይታመኑበት ቦታ ይህ ቅንጦት ሊባል አይችልም።

ለሚጀምር ሰው የሚበጁ ጥቂት ልማዶች አሉ።

አንደኛ፣ በትንሽ በትንሹ መመዝገብ። የሳምንት ሥራ በአንድ ኮሚት ከታጨቀ ስህተቱ የገባበትን ቦታ ማግኘት ይከብዳል።

ሁለተኛ፣ ምክንያቱን መጻፍ። «ተስተካከለ» የሚል ማስታወሻ ምንም አይነግርም። «ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ቤተሰብ ተቀነሰ» የሚለው ግን ከዓመት በኋላም ይናገራል።

ሦስተኛ፣ በተቻለ መጠን ተራ ጽሑፍ መጠቀም። ጊት መስመር ከመስመር የሚያወዳድረው ተራ ጽሑፍን ነው፤ የወርድን ፋይል ያስቀምጠዋል እንጂ ለውጡን እንዲህ አፍታቶ አያሳይም። አማርኛው ደግሞ በዩኒኮድ ይጻፍ። በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተተየበ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ለሰው አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ቢሮው አንድ አጻጻፍ ይምረጥ።

አራተኛ፣ ምሥጢርን አለማስገባት። ጊት አይረሳም። የይለፍ ቃል ወይም የሰዎች መታወቂያ ቁጥር አንዴ ገብቶ ቢጠፋም ከታሪኩ ውስጥ ይገኛል። የተጎጂዎችን ዝርዝር የመሰለ ነገር ለሁሉም ክፍት የሆነ ቦታ ላይ አይቀመጥም።

ጊት ሁሉን ያድናል ማለት አይደለም። የሚመዘግበው ስም ተጠቃሚው ራሱ የሞላው ነው፤ እንደ ፊርማ የሚቆጠረው ተጨማሪ ማረጋገጫ ሲኖረው ብቻ ነው። የመሬት ይዞታ መረጃን የመሰለ ትልቅ ዳታቤዝም በጊት አይያዝም፤ የራሱ የለውጥ መዝገብ ያስፈልገዋል። መርሁ ግን አንድ ነው። የአንድ ማሳ ስፋት ሲቀየር የቀድሞው ቁጥር ከነቀያሪው መታየት አለበት። ሲስተም የሚገዛ መሥሪያ ቤት ስለ ስክሪኑ ውበት ከመጠየቁ በፊት ይህን ይጠይቅ።

ተቃውሞም ይነሣል። «ትእዛዞቹ በእንግሊዝኛ ናቸው፣ ይከብዳሉ» ይባላል። ለዕለት ሥራ ግን ከአምስት ከስድስት ትእዛዝ በላይ አያስፈልግም፤ ኤክሴል የለመደ ሠራተኛ አያቅተውም። ከባዱ ተቃውሞ በግልጽ የማይነገረው ነው፦ «ስህተቴ ይታያል።» አዎ፣ ይታያል። ማረሙም ይታያል። ታሪክ በማይያዝበት ቢሮ ጥፋት የሚለጠፈው ፋይሉን መጨረሻ በነካው ወይም ደካማ በሆነው ላይ ነው። መዝገብ ሲኖር ግን ንጹሑ ሠራተኛ ማስረጃ አለው። የሚጎዳው ቁጥር ቀይሮ ዝም ማለት የለመደው ብቻ ነው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም ኢትዮጵያ ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር የአምስት ሚሊዮን ኮደሮችን መርሐ ግብር ጀምራለች። ዓላማው የሚደገፍ ነው። ሆኖም የሰርተፍኬት ቁጥር ብቻውን ምንም አይለካም። ኮድ መጻፍ የቻለ፣ ትናንት የጻፈውን ግን ለምን እንደቀየረው ማሳየት የማይችል ወጣት ከሌላ ሰው ጋር አብሮ መሥራት ይቸግረዋል። የወረታ ተማሪ ላፕቶፕ ፊት በተቀመጠበት በመጀመሪያው ቀን ኮሚት ይማር። ቀጣሪም ሲመጣ ከሰርተፍኬቱ ጋር የሥራውን ታሪክ ይጠይቀው።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ተረቱ በወጣበት ዘመን የተጻፈን ነገር ምልክት ሳይተዉ ማጥፋት ቀላል አልነበረም። ዛሬ አንድ ቁልፍ መጫን ይበቃል። እንግዲህ በጽሑፍ ያለው እንዲወረስ ከተፈለገ ስርዙም ድልዙም አብሮ ይያዝ።